ታደሰ ሆይ፣ ጥፋቱን በዕድሜህ ላይ አታላክክ

ይድረስ ለውድ ጓደኛዬ ለታደሰ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰብህስ እንዴት ነው? እኔ ደኅና ነኝ። ማን ማንን እንደጠፋ መከራከሩን ስንገናኝ እናደርሰዋለን። ዛሬ የምጽፍልህ የመጨረሻው ደብዳቤህ እንደ ዕዳ ሲከነክነኝ ስለኖረ ነው። ከሥራህ ጎን ለጎን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት መጀመርህን፣ ማታ ያነበብከው ጠዋት እንደሚጠፋብህ፣ «ዕድሜዬ ገፍቶ ጭንቅላቴ ወንፊት ሆነ» ብለህም የማስታወስ ችሎታን ያዳብራል ለተባለ የስልክ ጨዋታ ገንዘብ ለመክፈል ማሰብህን አጫውተኸኝ ነበር። እስካሁን ካልከፈልክ ተወው።

እንዲህ የምደፍረው ያለ ምክንያት አይደለም። በተጠፋፋንበት ጊዜ ሥራ ቀይሬ የሰውን ትውስታ በሙከራ ከሚያጠኑ ሰዎች ጋር ገብቻለሁ። የእኔ ድርሻ ለተሳታፊዎች ቃላት ማንበብና ስንቱን እንደመለሱ መመዝገብ ነው። ሲያወሩት ያሰለቻል፤ ተቀምጠህ ስታየው ግን ጤነኛና ወጣት ሰው እንኳ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚረሳ ያስገርምሃል። እ.ኤ.አ. በ1959 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) ፒተርሰን የተባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሦስት ተነባቢ ፊደላት ብቻ ሰጡ፤ ተማሪው ፊደላቱን በልቡ እንዳይደግም ግን ከአንድ ቁጥር ተነሥቶ ሦስት ሦስት እየቀነሰ እንዲቆጥር አደረጉ። ከ18 ሴኮንድ በኋላ በትክክል የተመለሰው ከአሥር አንዱ ያህል ነበር። ሦስት ፊደል!

ጀርመናዊው የትውስታ ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስም በራሱ ላይ ሙከራውን ሲጀምር ሠላሳ ዓመት ገደማው ነበር። ትርጉም የሌላቸው አጫጭር የፊደል ቅንጅቶች እያጠና፣ ቆይቶ እንደገና ሲያጠናቸው ድካሙ ምን ያህል እንደቀለለት ይለካ ነበር። በ1885 ባሳተመው ሥራው እንደጻፈው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ፣ ከወር በኋላ 21 በመቶ ያህል ድካም ቀርቶለታል። እኔን የሚያጽናናኝ የመጨረሻው ቁጥር ነው፤ ትልቁ ኪሳራ የሚደርሰው በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ከዚያ በኋላ ያለው በዝግታ ይሄዳል። ጠፋ ያልከው ነገርም እንደገና ስታነሣው ይቀልልሃል። ዕድሜ ምንም አያጎድልም አልልህም፤ ግን ማታ ያነበብከውን ጠዋት ለመርሳት ማርጀት አያስፈልግም።

ወደ ጨዋታው ልመለስ። በ1980 ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ ባነሣሁት ቁጥር ያስቀኛል። ተራ የማስታወስ ችሎታ ያለው አንድ ተማሪ በተከታታይ የሚነበቡለትን አኃዞች እንዲደግም ከ230 ሰዓት በላይ ተለማመደ። ሲጀምር ሰባት ያህል አኃዝ ይይዝ የነበረው ልጅ መጨረሻ ላይ 79 አደረሰ። ሯጭ ስለነበር አኃዞቹን የሩጫ ሰዓት እያደረገ ይሰድራቸው ነበር፤ ይህ የአንድ ማይል፣ ያኛው የማራቶን እያለ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ አኃዙን ትተው ፊደላት ቢያነቡለት ወደ ስድስት ወረደ። ያን ሁሉ ሰዓት ለፍቶ የዳበረው አኃዝን የመሰደር ብልሃቱ ነበር እንጂ ትውስታው አልነበረም። በ2010 ከ11,000 በላይ ሰዎች ለስድስት ሳምንት የአእምሮ ማዳበሪያ በተባሉ ጨዋታዎች ሲለማመዱም ውጤቱ ያው ሆነ፤ በተለማመዱት ጨዋታ ጎበዙ፣ ባልተለማመዱት ፈተና ላይ ግን ለውጥ አልታየም። አንተ ደግሞ የምትፈተነው በሒሳብ መዝገብ ነው።

ይልቅ ገንዘብ የማያስወጣህን ልንገርህ። በ2006 ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች ለተማሪዎች ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ሰጡ። አንዱን ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ሌላውን አንድ ጊዜ አንብበው ወረቀቱ ከተወሰደ በኋላ የያዙትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት ጽሑፍ 81 ለ75 በመቶ በለጠ። ከሳምንት በኋላ ግን 42 ለ56 ሆነና ተገለበጠ። በዚያው ጥናት ሁለተኛ ሙከራ ላይ ከሁሉም ይበልጥ አስታውሳለሁ ብለው የገመቱት ደጋግመው ያነበቡት ነበሩ። ክፉው ነገር ይህ ነው፤ ሁለተኛ ስታነበው ዐይንህ ስለለመደው ብቻ የያዝከው ይመስልሃል። አውጥቶ መጻፍ በተቃራኒው ያስጨንቃል፣ የማታውቀውን ሁሉ ያጋልጥብሃል፤ ሰው የሚሸሸውም ለዚህ ይመስለኛል። አንተማ ከድሮም መጽሐፍ ላይ ማስመር ትወድ ነበር! እርሳሱን ለሌላ ሥራ አውለው። ማታ አንብበህ ስትጨርስ መጽሐፉን ዝጋና የቀረልህን ጻፍ፤ ከዚያ ገልጠህ አስተያይ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ሳትገልጥ ድገመው።

መልስ ስትጽፍልኝ ያጠናኸውን የመጨረሻ ምዕራፍ መጽሐፉን ዘግተህ አስረዳኝ። ስለ ሒሳብ አያያዝ ምንም ስለማላውቅ ብትሳሳትም አልታዘብህም፤ ያልገባኝን ግን እየጠየቅሁ አደክምሃለሁ። ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ወዳጅህ