ፕላዝማዎቹ በጨረታ ከመሸጣቸው በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ከጥቅም ውጭ ስለሆኑ የትምህርት ቤት ንብረቶች አወጋገድ በቅርቡ በጋዜጣችሁ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ከተሰበሩ ወንበሮችና ጠረጴዛዎች ጋር አብረው ከቆጠሯቸው ዕቃዎች መካከል ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከሉት የፕላዝማ ቴሌቪዥኖች ይገኙበታል። ለብዙ ዓመታት ፊዚክስ ያስተማርኩ መምህር እንደመሆኔ፣ እነዚህ ሰሌዳዎች (ስክሪኖች) በኪሎ ተመዝነው ከመሸጣቸው በፊት ቢያንስ የተወሰኑት ለቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ለዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ትምህርት ክፍሎች እንዲሰጡ እጠይቃለሁ። በውስጣቸው ያለው ዕውቀት ከብረታቸው ዋጋ እጅግ ይበልጣልና።

የፕላዝማ ሰሌዳ መጀመሪያ የተፈለሰፈው ለመዝናኛ ሳይሆን ለማስተማሪያ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በአሜሪካ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ ፕላቶ የሚባል በኮምፒውተር የማስተማሪያ ሥርዓት ይገነባ ነበር። ችግሩ ለእያንዳንዱ ተማሪ ስክሪን ማቅረቡ ላይ ነበር፤ ምክንያቱም የዘመኑ የቴሌቪዥን ስክሪን በየሰከንዱ ደጋግመው ካልሣሉበት ምስሉን ይዞ አይቆይም፤ ምስሉን የሚያስቀምጠው የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ ደግሞ በዚያን ጊዜ ዋጋው አይቀመስም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶናልድ ቢትዘር፣ ጂን ስሎቶውና በወቅቱ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበሩት ሮበርት ዊልሰን የደረሱበት መፍትሔ የተሣለበትን ነገር ራሱ የሚያስታውስ ሰሌዳ መሥራት ነበር።

የአሠራሩ ብልሃት ሁልጊዜ ይገርመኛል። በጋዝ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፎ ብርሃን ማግኘት አዲስ ነገር አልነበረም፤ የኒዮን መብራት እ.ኤ.አ. ከ1910 ጀምሮ የታወቀ ነው። የኢሊኖይ ሰዎች ግን ኤሌክትሮዶቹን (ኤሌክትሪኩን የሚያደርሱትን መስመሮች) ከጋዙ ጋር ከማገናኘት ይልቅ በመስታወት ለዩአቸው። በዚህ ጊዜ ኤሌክትሪኩ በጋዙ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረው ቻርጅ መውጫ ስለሌለው በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ይከማቻል፤ ተከማችቶም ያንኑ ፍሰት መልሶ ያጠፋዋል። የቮልቴጁ አቅጣጫ ሲገለበጥ ግን ግድግዳው ላይ የቀረው ቻርጅ ከአዲሱ ቮልቴጅ ጋር ይደመርና ያቺን የሰሌዳውን ነጥብ እንደገና ያበራታል። አንድ ጊዜ የበራች ነጥብ በአነስተኛ ቮልቴጅ እየበራች ትኖራለች፤ ያልበራችዋ በዚያው ቮልቴጅ ጨልማ ትቀራለች። ማስታወስ ማለት ይኸው ነው፤ ምንም ተጨማሪ ሰርኪዩት አላስፈለገውም።

ሐሳቡ በቤተ ሙከራ ከተረጋገጠ በኋላ ወደ ፋብሪካ ለመግባት ዓመታት ወስዷል፤ እኔ ለተማሪዎቻችን ከሁሉ በላይ ይጠቅማል የምለውም ይህ የአመራረት ጥበብ ነው። የመጀመሪያዎቹን ትልልቅ ሰሌዳዎች ለገበያ ያበቃው ኦወንስ ኢሊኖይ የተባለው፣ ጠርሙስ በማምረት የታወቀ የመስታወት ኩባንያ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም። ሁለት መስታወቶችን በ0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ርቀት ፊት ለፊት ማቆም፣ ዙሪያቸውን በቀላሉ በሚቀልጥ የመስታወት ዱቄት በምድጃ ውስጥ ማሸግ፣ መካከሉን አየር አልባ አድርጎ ንጹሕ ጋዝ መሙላት የመስታወት ሠሪ ሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ቁመቱም ወርዱም 512 ነጥቦች ያሉት ብርቱካናማ ሰሌዳ ተሠራ። ከዚያ የቀጠለው ትግል ከዕድሜ ጋር ነበር፤ በጋዙ ውስጥ የሚምዘገዘጉት አዮኖች (ኤሌክትሪክ የያዙ አተሞች) የመስታወቱን ገጽ እየቦረቦሩ ያበላሹታልና። ይህ የተፈታው ገጹን በስስ የማግኒዥየም ኦክሳይድ ሽፋን በማልበስ ነው። ሽፋኑ ጉዳቱን ከመከላከሉም በላይ በአዮን ሲመታ ኤሌክትሮን በቀላሉ ስለሚለቅ የሚፈለገውን ቮልቴጅ ቀነሰ።

አስተምርበት በነበረው ትምህርት ቤት ከጥቅም ውጭ የሆነ አንድ ሰሌዳ የጀርባ ክዳኑ ተከፍቶ ተመልክቼ ነበር። በጠርዙ ዙሪያ ቀጫጭን ገመዶች እንደ ጥብጣብ ተሰድረዋል፤ በአንዱ ማዕዘን ላይ ደግሞ ጫፏ በእሳት ቀልጦ የተደፈነ፣ ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ የመስታወት ቱቦ ጎልታ ትታያለች። አየሩ ተስቦ የወጣው፣ ጋዙም የገባው በእርሷ በኩል ነው። ስለ ጋዝ ግፊት ስናስተምር ይህችን ቱቦ በእጁ ጠቁሞ የሚያሳይ መምህር ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። በእኛ አገር ሁኔታ ሌላም የሚታይ ነገር አለ፤ በሰሌዳው ውስጥ ያለው ጋዝ ከውጭው አየር ያነሰ ግፊት ስላለው ሁለቱን መስታወቶች አጣብቆ የሚይዛቸው የከባቢ አየር ነው። የአየር ግፊት በከፍታ ስለሚቀንስ ይህ መያዣ ይላላና የፕላዝማ ሰሌዳ በደጋ ቦታ ላይ እዝዝ የሚል ድምፅ ሊያሰማ ይችላል። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ ይህ ለክፍል ውስጥ ጥያቄ ጥሩ መነሻ ነው።

ይህ ሙያ ለቴሌቪዥን ብቻ የሚጠቅም አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1960 በኒው ጀርሲ በሚገኘው የቤል ቤተ ሙከራ አሊ ጃቫን፣ ዊልያም ቤኔትና ዶናልድ ሄሪዮት የመጀመሪያውን የጋዝ ሌዘር፣ ሂሊየምና ኒዮን የተባሉ ጋዞች በቱቦ የተሞሉበትን፣ አበሩ። ከዚያው ዓመት ግንቦት ወር ጀምሮ የነበረው፣ ሩቢ በተባለ ቀይ ክሪስታል የሚሠራው ሌዘር ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ሲሆን፣ ይህኛው ግን ሳይቋረጥ የሚፈስ ጨረር ሰጠ። በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው የሚያነቃቃው ሂሊየሙን ነው፤ ሂሊየሙም ከኒዮኑ ጋር ሲጋጭ ጉልበቱን ያስረክበዋል፤ ጨረሩን የሚሰጠው ኒዮኑ ነው። የመጀመሪያው ጨረር በዓይን የማይታይ ነበር፤ በየቤተ ሙከራው የምናውቀው የ632.8 ናኖ ሜትር ቀይ ብርሃን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። እዚህም ላይ ትልቁ ፈተና መስታወቱ ነበር። በሙጫ የተጣበቁት የቀድሞ ቱቦዎች ጋዛቸው እየሾለከ ይደክሙ ነበር፤ ሌዘሩ ረጅም ዕድሜ ያገኘው ጨረሩን የሚያንጸባርቁት የጫፍ መስተዋቶች በቀጥታ ከቱቦው ጋር በቀለጠ የመስታወት ዱቄት መታሸግ ከጀመሩ በኋላ ነው። የፕላዝማውን ሰሌዳ ያሸገው ዘዴና ይህኛው ወንድማማቾች ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1964 የሕንድ ተወላጁ ኩማር ፓቴል የሠሩት የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሌዘር ደግሞ ዛሬ በከተማችን ማስታወቂያ በሚሠሩ ቤቶች ፕላስቲክና እንጨት እየቆረጠ ነው። ባለሙያዎቹ በየጊዜው የሚቀይሩት ውኃ የሚዞርበት ረጅም የመስታወት ቱቦ ከዚያ ፈጠራ የወረደ ነው። ቱቦው ሲደክም ተጥሎ ሌላ ከውጭ አገር ይገዛል። እንዲህ ያለ ቱቦ አየሩን አውጥቶ፣ ጋዙን መጥኖ ሞልቶ መልሶ የሚያሽግ ባለሙያ ብናፈራ ለእነዚህ ቤቶች ምን ያህል ወጪ እንደሚያድን አስቡት። ሙያው ግን ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም።

ባለ ቀለሙ ሰሌዳ ገበያ የገባው የጃፓን መሐንዲሶች ኒዮንና ዜኖን የተባሉ ጋዞችን ቀላቅለው፣ ከእነርሱ በሚወጣው በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያበሩ ፎስፈሮችን (ጨረር ሲያርፍባቸው የሚያበሩ ዱቄቶችን) ማሠራት ከቻሉ በኋላ ነው። አዮኖቹ ፎስፈሩን እንዳያበላሹ ዋናዎቹን ኤሌክትሮዶች ወደ ፊተኛው መስታወት፣ ፎስፈሩን ወደ ኋለኛው መመደባቸው ወሳኝ እርምጃ ነበር። በዚህም መንገድ ፉጂትሱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባለ 21 ኢንች ሰሌዳ አቀረበ። ይሁን እንጂ ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ፣ ሳምሰንግና ኤልጂም እ.ኤ.አ. በ2014 ምርቱን አቁመዋል። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ንብረት ክፍል የተከማቹትን ከጣልናቸው ምትክ ከገበያ አናገኝላቸውም።

እግረ መንገዴን አንድ ቅሬታዬን ልግለጽ። የፕላቶ ተማሪ በሰሌዳው ላይ በጣቱ ነክቶ መልስ ይሰጥ ነበር፤ በራሱ ፍጥነትም ይራመድ ነበር። ወደ እኛ ክፍል የመጣው ግን ለሁሉም እኩል የሚነጉድ የሳተላይት ሥርጭት ነበር፤ መብራት ከጠፋ ትምህርቱ አመለጠ ማለት ነው፤ መምህሩም የተፈቀዱለትን ጥቂት ደቂቃዎች ጠባቂ ሆኖ ነበር። ይህ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም፤ አጠቃቀሙን የመረጥነው እኛ ነን።

ጥያቄዬን በተግባር ለማዋል ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የክልልና የከተማ ትምህርት ቢሮዎች የጨረታ ማስታወቂያ ከማውጣታቸው በፊት የሚሠሩትንም የማይሠሩትንም ሰሌዳዎች ዝርዝር ለኮሌጆችና ለዩኒቨርሲቲዎች ያሳውቁ፤ ፈላጊው ተቋም በራሱ መኪና ያንሣ። የሚሠራው ሰሌዳ እየበራ ለማሳያ ይዋል፤ የማይሠራው ተፈትቶ ለመማሪያ ይዋል። መፈታት ያለበት ግን በሠለጠነ ሰው ብቻ ነው፤ ሰሌዳው የሚሠራው ወደ 200 ቮልት በሚጠጋ ቮልቴጅ ስለሆነ ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ሰው ሊጎዱ ይችላሉ፤ በአሮጌዎቹ ማሸጊያዎች ውስጥም እርሳስ ሊኖር ስለሚችል መስታወቱ መሰባበርም ሆነ ከተራ ቆሻሻ ጋር መጣል የለበትም። ርክክቡን ለመምራትና ለመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች በነፃ ለማስረዳት እኔም ሆንኩ የማውቃቸው ጡረታ የወጡ የሙያ ባልደረቦቼ ፈቃደኞች ነን።

ከአክብሮት ጋር
የቀድሞ የፊዚክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ