የሬዲዮ ክበብ፦ መብራት እንዲጠፋ የለመንንበት ዓመት

የዘንድሮው ሥራችን የተጀመረው በእኔ ስህተት ነው። ጥቅምት ላይ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጣና «ቲቸር፣ የአያቴ ሬዲዮ ቀን ትንፍሽ አይልም፣ ማታ ማታ ግን ዐረብኛ ያወራል» አለኝ። «ተበላሽቶ ነው፣ አሠሩት» ብዬ ሸኘሁት። የፊዚክስ መምህር ነኝ እንግዲህ! ነገሩ የገባኝ ቤት ገብቼ ራት ስበላ ነው። በማግስቱ ልጁን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ሬዲዮውንም እንዲያመጣልን ለመንኩት።

አያትየዋ ከብዙ ልምምጥ በኋላ ፈቀዱ። ሬዲዮው የቆዳ ልባሱ የተላጠ፣ የድምፅ ማዞሪያው ወልቆ በጠርሙስ ክዳን የተተካ ነው። ዓርብ ዓርብ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ላብራቶሪው በረንዳ ላይ እንሰበሰባለን። መርፌውን ኤኤም 819 ኪሎ ኸርዝ ላይ እናቆማለን፤ በየአምስት ደቂቃው ለድምፁ ከ0 እስከ 5 ነጥብ እንሰጣለን። መጀመሪያ ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። 12 ሰዓት ከሩብ ሲያልፍ ከሹሹታው ሥር የሰው ድምፅ የሚመስል ነገር ይመጣል። 1 ሰዓት ላይ ካይሮ ጥርት ብላ ትሰማለች። ከደሴ ካይሮ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ምክንያቱ ከላያችን ነው። ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ፀሐይ የምትፈጥረው፣ «ዲ» የተባለ ኤሌክትሪክ የቋጠረ የአየር ንብርብር አለ። ቀን ቀን እንዲህ ያለውን ዝቅተኛ ሞገድ ይውጠዋል። ሲመሽ ይሳሳና ሞገዱ አልፎ ይወጣል፤ ከዚያ በላይ ያሉት ንብርብሮች ወደ መሬት ይመልሱታል። ልጆቹን የገረማቸው ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ጦሳ ተራራ ጀርባ ስትገባ እኛ ጋ ጥላ ይሆናል፤ ካይሮ ግን አትመጣም። «ለእኛ መሸ እንጂ እዚያ ላይ ገና አልመሸም» ያለችው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። አስልተን አየነው። 80 ኪሎ ሜትር ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከመሬቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘግይታ ነው። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ይቺው ልጅ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አፋጠጠችኝ። የሬዲዮ ፈር ቀዳጁ ማርኮኒ እ.ኤ.አ. በ1901 ከእንግሊዝ ኮርንዎል የተላከውን የሞርስ ኮድ «ኤስ» ፊደል ከአትላንቲክ ማዶ ኒውፋውንድላንድ ላይ ሰማሁ ያለው ቀትር ላይ ነው። «ታዲያ ዲ አልዋጠውም?» አለች። ባለሙያዎችም እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት ነው። እዚያ የበረዶ ወቅት ነበር፤ የፀሐይ እንቅስቃሴም ያኔ እጅግ ዝቅ ያለ ነበር፤ ይህ ለማርኮኒ ያደላል። በ1902 ግን ራሱ በመርከብ ሲሄድ ሲግናሉ ቀን ከ700 ማይል አላለፈም፤ ሌሊት 2,000 ማይል ደረሰ። ክበባችን ድምፅ ሰጠ፤ 11 ለ 6 «አልሰማም» አሉ። እኔ ከስድስቱ ጋ ነኝ።

ትልቁ ጠላታችን የመንደሩ አምፖልና ቻርጀር ነው። ብዙዎቹ ኤኤም ላይ ዝዝዝ እያሉ ሁሉን ይሸፍኑታል። አንድ ዓርብ መብራት ድንገት ሄደ። ሰፈሩ «ውይ!» ሲል እኛ አጨበጨብን። ያን ማታ መርፌው ባለፈበት ሁሉ ጣቢያ ነበር። ጥበቃችን ሻማ ይዘው መጥተው «ምን ነካችሁ?» አሉን።

ከተቃጠለ ሞተር በፈታነው ሽቦ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የእንጨት አንቴናም ሠርተናል። የመጀመሪያው የጥቅልሉን ቁጥር ስላበዛነው አልሠራም፤ ሁለተኛው ጎበዝ ነው።

ያልሆነልን የአማተሮቹ፣ ማለትም ለፍቅሩ ብለው በሬዲዮ እርስ በርስ የሚነጋገሩት ሰዎች፣ ባንድ ነው። 1.8 ሜጋ ኸርዝ ላይ ይጀምራል፤ የአያትየዋ ሬዲዮ ግን 1.6 ላይ ያበቃል። አንድ ጣት ታህል ቀረብን። አዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለውን፣ ኢቲ 3 ኤኤ የተባለውን የአማተር ጣቢያ ለማየትም የትራንስፖርት ገንዘብ አልተገኘም።

ግንቦት ላይ ሬዲዮውን ልንመልስ ሄድን። ቡና ተፈልቶ ጠበቀን። የነጥብ ደብተራችንን ለአያትየዋ አሳየናቸው። «ካይሮ ናት እኮ፤ ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ማታ ማታ እሷን ነበር የሚሰማ» አሉ። ከጥቅምት ጀምሮ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ሰኔ ላይም እንቀጥል ብለን ስናስፈቅድ ሳቁብን፤ «ክረምት ሲገባ አትልፉ፣ ልጆቼ። መብረቁ እያንጓጓ አያሰማችሁም።»