ስለ ተከሰስኩበት ግጥም

ውድ ልጄ፣

በላክሽልኝ ደብዳቤ «አባባ፣ አንድ የምስጋና ግጥም ጽፈህ ታማኝነትህን ብታሳይ ነገሩ አይዘጋም ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ ከፍርሃት፣ ፍርሃትሽም ከፍቅር የመጣ መሆኑን ስለማውቅ አልተቀየምኩሽም፤ ለመርማሪው ኮሚቴ በጽሑፍ የሰጠሁት መልስ ለምን እንዲያ እንደጠነከረ ግን ከእኔው አፍ ብትሰሚው ይሻላል።

ከሳሾቼ አገር ለመክዳቴ ማስረጃ አድርገው ያቀረቡት ከ24ቱ ስንኞች ሁለቱን ብቻ ነው። ስለ ደረቀው ወንዝ የሚናገሩትን ስንኞች ወርቃቸው «አገሪቱ ትጥፋ» ነው ብለው ፈቱብኝ። ግጥሙ ሰምና ወርቅ እንዳለው አልካድኩም፤ ክጄ ስለ ወንዝ ብቻ ነው የጻፍኩት ብል ምናልባት ይለቁኝ ነበር። ወርቁ ግን ወንዙን ያደረቁትን ይወቅሳል እንጂ ከወንዙ በሚጠጣው ሕዝብ ላይ ጥፋት አይመኝም። የመልሴን እኩሌታ የፈጀብኝም ሹምን መውቀስና አገርን መክዳት የተለያዩ መሆናቸውን ማስረዳቱ ነው።

የምስጋናውን መንገድ ከእኔ በፊት የሞከሩት አሉ። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ እ.ኤ.አ. በ8 በአውግስጦስ ቄሣር ትእዛዝ በጥቁር ባሕር ዳርቻ ወደምትገኘው ቶሚስ በግዞት ተላከ። ከዚያም ሆኖ ግጥሜ ሌላ ሕይወቴ ሌላ ነው እያለ፣ ቄሣሩንም እያወደሰ ረጅም የመከላከያ ግጥም ጻፈ፤ ይሁንና አውግስጦስም ተከታዩ ጢባርዮስም ሳይመልሱት እዚያው ሞተ። እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የኩባዊው ባለቅኔ የኤቤርቶ ፓዲያ ነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ከአንድ ወር በላይ ታስሮ ከተፈታ በኋላ በደራስያን ፊት ቆሞ ራሱን ሲወቅስ የገዛ ሚስቱንና ወዳጆቹን ጭምር በስም እየጠራ የጥፋቱ ተካፋዮች አደረጋቸው። አንድ ጊዜ ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው «ግጥሙን መጀመሪያ ያነበብክለት ማን ነው?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። መጀመሪያ ያነበብኩልሽ ደግሞ አንቺ ነሽ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ቤት ሳይሆን በሰው እጅ የላክሁልሽ ለዚህ ነው።

ሐሙስ ኮሚቴው ፊት ስቀርብ ሁለቱን ስንኞች ለይቼ አልሟገትም፤ 24ቱንም በቃሌ እወጣቸዋለሁ። አንቺ ዘንድ ያለውን ቅጂ ግን ዛሬውኑ አቃጥዪው። በቃልሽ እንደያዝሽው አውቃለሁ።

አባትሽ