ስፕሬዩ ሳይሆን አያያዙ ነው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

በዋሽንግተን አካባቢ ኤፕሪል ላይ የኦክ ዛፍ ብናኝ ሲበረታ፣ ብዙ ሰው ፍሉቲካዞን የተባለውን የአለርጂ የአፍንጫ ስፕሬይ ይገዛና በ3ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ ይተወዋል። መድኃኒቱ ሙሉ አቅሙን እስኪያሳይ እስከ 2 ሳምንት ሊፈጅ ይችላል፤ መጀመር ያለበት ማርች ላይ፣ ማስነጠሱ ሳይመጣ ነው።

አረጫጨቱም ያበላሻል። ጠርሙሱን ነቅንቁ፤ አንገታችሁን ትንሽ ደፋ አድርጉ። ለግራው አፍንጫ ቀኝ እጅ፣ ለቀኙ ግራ እጅ፤ ጫፉ ወደ ጆሮ በኩል ይዙር። መሐለኛውን ግድግዳ ደጋግማችሁ ከረጫችሁት ይነስራል። በኃይል አትሳቡት፤ ጣዕሙ ጉሮሯችሁ ላይ ከመጣ መድኃኒቱ አፍንጫውን አልፎታል።

ኦክሲሜታዞሊን የተባለው ሌላው የአፍንጫ ስፕሬይማ የተደፈነ አፍንጫን ወዲያው ስለሚከፍት ይወደዳል። ከ3 ቀን በላይ ሲወሰድ ግን አፍንጫውን መልሶ ይደፍነዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ