ፒስተን ብቻ ቀይራችሁ "ሞተሩ ታድሷል" አትበሉ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሻርጃ ነው። ሥራዬ በረሃ ላይ የሚነዱትን ባለ አራት ጎማ ሞተሮች መጠገን ነው፤ እዚህ ኳድ ይሏቸዋል። በየጋራዡና በየኪራይ ቦታው የአገሬ ልጆች አሉ፣ ጋዜጣችሁንም በስልካቸው ያነባሉ። ለእናንተ የጻፍኩትም ለዚህ ነው። በሙያችን ውስጥ አንድ መጥፎ ልማድ አለ። ሰው ሊገድል የሚችል ልማድ ስለሆነ እንዲቀር እፈልጋለሁ።

ቱ ስትሮክ ሞተር፣ ማለትም ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ የሚገባለት፣ ነክሶ ይመጣል፤ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ማለት ነው። ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ይወርዳል፣ ሲሊንደሩ ቶርኖ ቤት ሄዶ ይሰፋል፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ይገባለታል፣ ይነሳል፣ "ታድሷል" ተብሎ ለባለቤቱ ይሰጣል። ፒስተኑ የሚያዞረውን ዘንግ፣ የክራንክ ሻፍቱን፣ ዙሪያውን የሚደፍኑትን የጎማ ቀለበቶች፣ ኦይል ሲሎቹን፣ ግን ማንም አልነካቸውም። የድሮው ፒስተን የነከሰው በእነሱ ምክንያት ከሆነስ? አዲሱም መንከሱ አይቀርም።

እንደ መኪናው ባለ ፎር ስትሮክ ሞተር ላይ የሠራ ሰው፣ ኦይል ሲል ሲያረጅ ዘይት ያንጠባጥባል ብሎ ነው የሚያስበው። ቱ ስትሮክ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። ከፒስተኑ በታች ያለው ክፍል ራሱ ፓምፕ ነው። ፒስተኑ ሲወጣ ከካርቡራቶር ቤንዚንና አየር ይስባል፣ ሲወርድ ደግሞ ያንኑ ጨምቆ ወደ ላይ ይልከዋል። ስለዚህ ክፍሉ ድፍን መሆን አለበት። ሲሉ ካለቀ ፒስተኑ በወጣ ቁጥር በዚያ በኩል ንጹሕ አየር ይገባል። ያ አየር ቤንዚን የለውም፣ ከቤንዚኑ ጋር የሚመጣው ዘይትም የለውም። ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላል፣ ያብጣል፣ ሲሊንደሩን ይነክሳል።

እዚህ በብዛት የማየው ያማሃ ባንሺ የሚባለውን ኳድ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 የወጣ ሞተር ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሽያጩ በ2006 ቢቆምም አሸዋ ላይ የሚወዱት ሰዎች ዛሬም አልተዉትም። 347 ሲሲ፣ ሁለት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ፣ ስድስት ማርሽ ያለው ነው። ሁለቱ ሲሊንደሮች ከታች የየራሳቸው ክፍል አላቸው። የግራው ሲል ከማግኔቱ (ኤሌክትሪክ ከሚያመነጨው ተሽከርካሪ) ጀርባ ነው፣ የቀኙ በፍሪሲዮኑ በኩል። ስለዚህ የተቃጠለው ፒስተን ራሱ ይናገራል። የግራው ብቻ ከተበላ መጀመሪያ የግራውን ሲል ጠርጥሩ። የቀኙ ሲል ሲያልቅ ደግሞ ሞተሩ የካምብዮ ዘይት ይስባል፤ ከሞቀ በኋላም የማያቆም ነጭ ጭስ ታያላችሁ፣ መሬት ላይ ጠብታ ሳይኖር የካምብዮው ዘይት ይጎድላል። የካምብዮው ዘይት ወተት ከመሰለ ግን ጥፋቱ ከክራንኩ አይደለም፣ የውሃ ፓምፑን ሲል እዩ።

መካኒኩ ለምን ይዘለዋል? እውነቱን ለመናገር ሥራው ከባድ ስለሆነ ነው። የባንሺ ሲሎች ዙሪያቸውን ጠርዝ አላቸው፣ ጠርዙ ካርተሩ (ክራንኩን የያዘው የሞተሩ ቤት) ላይ ባለ ቦይ ውስጥ ይቀመጣል። በትክክል ለመቀየር ሞተሩ ከሻንሲው መውረድ፣ ካርተሩም ለሁለት መከፈት አለበት። ባለቤቱ ደግሞ የእረፍት ቀኑ አርብ ደርሶበታል፣ ቶሎ በሉ ይላል። አንዳንዶች ጠርዙን በምላጭ ቆርጠው ሲሉን ከውጭ ይገፉታል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ፤ ሲሉን ይዞ የሚያቆየው እኮ ያ ጠርዝ ነው። ሌሎች ደግሞ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጠው የሚዞርበት ፍጥነት) ከፍ ብሎ አልወርድ ሲል፣ ጋዝ ለቀውለት እንኳ ሞተሩ ሲጮህ፣ የካርቡራቶሩን ጂግለር (ቤንዚኑን የሚያሳልፈውን ባለ ቀዳዳ ብረት) በትልቅ ይቀይሩታል። ያ በሽታውን መሸፈን ነው።

መመርመሪያው ርካሽ ነው። የካርቡራቶሩንና የማርሚታውን ቀዳዳዎች በጎማ ድፈኑ፣ በትንሽ የእጅ ፓምፕ እስከ 6 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ) አየር ሙሉ፣ ጌጁን ለስድስት ደቂቃ ተመልከቱ። ከዚያ በላይ ብዙ አትግፉ፣ ደህናውን ሲል ልታበላሹት ትችላላችሁ። ከወረደ የሳሙና ውሃ ቀቡና አረፋው የሚወጣበትን ፈልጉ። አንዳንዴ ሲሉ ደህና ሆኖ የሲሊንደሩ ጓርኒሲዮን (በመገጣጠሚያው መካከል ያለው መደፈኛ) ወይም የካርቡራቶሩ ጎማ ጥፋተኛ ሆኖ ይገኛል፤ እሱም ያው አየር ያስገባል። ሞተሩን ከማውረዳችሁ በፊት አንዴ፣ ገጥማችሁ ከመንዳታችሁ በፊት አንዴ ሞክሩት። እኔ ይህ ሳይደረግ ሞተር አላስረክብም፣ ባለቤቱ ቢቆጣም።

ካርተሩ አንዴ ከተከፈተ የክራንኩን ኩሽኔታዎችም እዩ። ክራንኩ የሚላወስ ከሆነ አዲሱን ሲል ቶሎ ይበላዋል። ሲሉ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ጥፍር የሚይዝ መስመር ካለም ሲል ብቻ መቀየር አይበቃም። በሁለቱ ሲሊንደሮች መካከል ያለው ሲል ደግሞ ጎማ ሳይሆን ከክራንኩ ጋር የተሠራ ብረት ነው፤ እሱ ከተበላ ክራንኩ በፕሬስ ይፈታል፣ ለሚችል ሰው ስጡት። ስትገጥሙ የሲሉን ከንፈር ግሪስ ቀቡት። ሲሊንደሩ ከሰፋ በኋላ የቀዳዳዎቹ ጠርዝ ካልተሞረደ አዲሱ ፋሻ ተይዞ ይሰበራል፣ ቶርኖ ቤቱ ይህን ማድረጉን በዓይናችሁ አረጋግጡ። የፒስተኑ ቀስት ወደ ማርሚታው ይዙር።

እዚህ ሻርጃ በረሃ፣ አል በዳየር ያለውን ቀዩን የአሸዋ ተራራ ያየ ሰው ለምን እንደምቆጣ ይገባዋል። ወጣቱ ጋዙን ሙሉ ከፍቶ ነው ወደ ላይ የሚወጣው፤ ሞተሩ ከሁሉ በላይ የሚግለውም በዚያች ሰዓት ነው። ያኔ ከነከሰ የኋላ ጎማዎቹ በአንዴ ይቆልፋሉ፣ ነጂው ይወረወራል፣ ኳዱም ሊከተለው ይችላል። ለዚህ ነው የፍሪሲዮኑን እጀታ ከጣታችሁ አታርቁ የምለው። ሞተሩ ድምፁ ከተለወጠ ወዲያው ጨምቁት።

አገር ቤት ያላችሁም ይመለከታችኋል። ያማሃ ዲቲም ሆነ ኤጂ 100 ቱ ስትሮክ ነው፣ የዛፍ መቁረጫ ሞተሩም እንደዚያው። እንዲያውም በብዙዎቹ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ሥራው ይቀላል፤ ማግኔቱ በፑለር (በመንቀያ መሣሪያ) ከወጣ በኋላ በዚያ በኩል ያለውን ሲል ካርተር ሳይከፈት ማውጣት ይቻላል። ማግኔቱን በመዶሻ አትምቱት ብቻ። ሞተራችሁን ለጥገና ስትሰጡም ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት "በአየር ትሞክረዋለህ ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፤ አሮጌዎቹን ሲሎችም ተቀበሉና እዩአቸው።

አዘጋጆች ሆይ፣ ስለ መኪና ዋጋና ስለ ቀረጥ ብዙ ይጻፋል፣ ስለ ጥገና ግን ብዙም አላይም። ቦታ ከሰጣችሁን ያለቁና አዲስ ሲሎችን ጎን ለጎን አድርጌ ፎቶ ልልክላችሁ እችላለሁ።

ከአክብሮት ጋር
የሞተር ሳይክል መካኒክ፣ ሻርጃ