«ምን ላድርጋት?» ከማለታችን በፊት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

እዚህ ድሬዳዋ፣ ቀፊራም ሆነ ሳቢያን፣ «ይህችን ገንዘብ ምን ላድርጋት?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱም ወዲያው ይጎርፋል፦ «ባጃጅ ግዛ»፣ «ወርቅ አድርጊው»፣ «ዕቁብ ግባ»። ገንዘቡ መቼ እንደሚፈለግ፣ ዕዳ መኖር አለመኖሩን፣ በእጁ ስንት ሰው እንደሚተዳደር ጠያቂው አይናገርም፤ መካሪውም አይጠይቅም። ይህ በጣም ያሳስበኛል።

የሚብሰው ብድር ላይ ነው። ሽንኩርት የምትነግድ ጎረቤቴ ለመበደር ሄዳ «ወለዱ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች። «15 በመቶ» አሏት፤ ብድሩን ይዛ መጣች። «በምን ላይ ነው የሚታሰበው?» ብትል ኖሮ ነገሩ ይለይላት ነበር። በ1 ዓመት ውስጥ በየወሩ ተከፍሎ የሚያልቅ 100,000 ብር፣ ወለዱ በመጀመሪያው ሙሉ ብድር ላይ ከታሰበ 15,000 ብር ነው። በየወሩ በሚቀረው ዕዳ ላይ ከታሰበ ግን 8,300 ብር ገደማ። «15 በመቶ» የሚለው ቁጥር ሁለቱንም ይሸፍናል። የአገልግሎት ክፍያና ዕዳን ቀድሞ በመክፈል የሚጣል ቅጣት ካለም እዚያው መጠየቅ አለበት።

መካሪውንም ቢሆን «ይህን ብገዛ አንተ ኮሚሽን ታገኛለህ?» ማለት ነውር አይደለም። ደላላ ከሆነ ደላላ መሆኑን ማወቅ መብታችን ነው።

ዝግጅት ክፍላችሁ የባንክና የማይክሮ ፋይናንስ ባለሙያዎችን ጋብዞ የብድር ውል አነባበብን በቀላል አማርኛ፣ ቢቻል በኦሮምኛና በሶማልኛም ጭምር ቢያስረዳን እላለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከድሬዳዋ