የአካባቢ ጥበቃ ክበብ፦ ዘንጋችን ቢሰረቅም ልኬቱ ቀጥሏል

በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሻይ ላይ የሚነሳ ጥያቄ አለ። «የእናንተ ክበብ ችግኝ ከመትከል ሌላ ምን ይሠራል?» ይሉኛል ባልደረቦቼ። ችግኝማ እንተክላለን። የአምናዎቹ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ስላሉ ሄዶ ማየት ይቻላል፤ ከግማሽ በላይ ጸድቀዋል። ዘንድሮ ግን ልጆቹ የዋሉት ሌላ ሥራ ላይ ነው። ጣና ለምን ከፍ ዝቅ እንደሚል ሲከታተሉ ከረሙ።

የባሕር ዳር ልጅ ሐይቁን በየቀኑ ያያል። መስከረም ላይ አዲስ አባላትን «ወደ ጣና የሚገቡትን ትልልቅ ወንዞች ጥሩ» ስላቸው ግን ግልገል ዓባይን ብቻ ጠርተው ቆሙ። አሁን ርብን፣ ጉማራንና መገጭን በእንቅልፍ ልባቸውም ይነግሯችኋል።

መደበኛ ስብሰባዎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ኮሚቴ ተመረጠ፣ ዕቅድ ጸደቀ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። በሚኒ ሚዲያ በጠዋት ሰልፍ ላይ ተራ ሲደርሰን አቀረብን። ማይክራፎኑ እንደ ልማዱ ሁለት ጊዜ ጠፋብን።

የግድግዳ መጽሔቱ ግን ትንሽ ቦታ ይገባዋል። በመጀመሪያ የወጣው ስለ ሐሮማያ ነበር። ሐረርን ያጠጣ የነበረ ሐይቅ ነው። ለጫትና ለአትክልት በሞተር እየተሳበ፣ ከየኮረብታው የሚታጠበው አፈርም እየሞላው በ1990ዎቹ ደረቀ። ከዓመታት በኋላ መልሶ ውሃ መያዝ ጀምሯል። ቀጥሎ አቢያታ ሐይቅን አወጣን። እሱ መውጫ የለውም፤ ኑሮው በአብዛኛው ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ የሚመጣለት ውሃ ነው። ላይ በመስኖ ሲጠጣ ታች ጎደለበት። ለሶዳ አሽ (ለመስታወትና ለሳሙና መሥሪያ ለሚሆነው ኬሚካል) ደግሞ ከራሱ ተቀዳ። ዓሣው አለቀ፤ ዓሣውን ይመገቡ የነበሩት ይብራዎችም ወደ ሌላ ሐይቅ መሄድ ግድ ሆነባቸው።

ይኼን ያነበበ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ልጅ መጥቶ «ቲቸር፣ በሰቃስ?» አለኝ። አጎቱ በሰቃ ሐይቅ ባለበት መተሐራ ይሠራል። በሰቃ እየሰፋ ነው እንጂ እየደረቀ አይደለም። ውሃው የአዲስ አበባ–ድሬዳዋን መንገድና የባቡር ሐዲዱን ሲያስቸግር ኖሯል። ከዙሪያው እርሻዎች የሚሰርገው የመስኖ ውሃና የከርሰ ምድር ፍልውሃ ነው የሚያሳብጠው። ልጁ ስላነሳው ሦስተኛ መጽሔት አወጣን። እውነቱን ለመናገር ከሦስቱ ብዙ አንባቢ ያገኘው የእሱ ነው።

አሁን ወደ ልኬቱ። ዓሣ አጥማጆች ጀልባ ከሚያስሩበት አጠገብ በሴንቲ ሜትር የተሰመረ የእንጨት ዘንግ ተከልን። ልጆቹ በየሳምንቱ በተራ እየሄዱ ያነቡ ነበር። አንድ ሰኞ ስንሄድ ዘንጉ የለም። ማገዶ ሆኖ ሳይቀር አልቀረም። ከዚያ ወዲህ በድንጋይ ግንቡ ላይ በቀለም ምልክት አድርገን በሜትር እንለካለን። ብረት ብንተክልም ይሰረቅ ነበር ያላችሁኝ ባልደረቦች አላችሁ። በሲሚንቶ የቆመ ብረት ግን እንደዚያ በቀላሉ አይነቀልም። ሲሚንቶው ደግሞ ገንዘብ ይፈልጋል።

በግቢያችንም ሳፋ ውሃ ሞልተን ትነት ለክተናል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልኬቱ ከሚጠበቀው በላይ ሆነብን። ልጆቹ «የአየር ንብረት ለውጥ ነው» ብለው ሊያስታውቁ ተነስተው ነበር። ለካ የጎረቤት ፍየሎች ናቸው። ሳፋውን በሽቦ ወንፊት ከሸፈንነው በኋላ ቁጥሩ አደብ ገዛ።

ይኼ የሳፋ ነገር ጨዋታ አይደለም። ጣና እንደ ትሪ ነው፤ ሰፊ ግን ጥልቀት የሌለው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ 10 ሜትር አይሞላም። ፀሐይ ከላዩ በዓመት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ውሃ ታነሳለች፤ በላዩ ላይ የሚጥለው ዝናብ ብቻውን ይኼን አይተካም። ጉድለቱን የሚሞሉት ወንዞቹ ናቸው። ሙቀት ሲጨምር ትነቱ ይጨምራል። የዝናቡ ነገር ግን አስቸጋሪ ነው፤ ወደፊት ይጨምር ይቀንስ እንደሆነ ትንበያዎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም። ለዚህ ነው ልጆቹ «ሊደርቅ ነው» ብለው እንዲጽፉ ያልፈቀድኩላቸው፤ ያኮረፉኝም አሉ።

በዚያ ላይ የሰው እጅ አለበት። የሐይቁ ከፍታ ባሕር ዳር ላይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይመዘገባል። ለረጅም ጊዜ ከፍ ዝቅ ያደርገው የነበረው ዝናቡ ነው። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ውሃውን የሚይዝና የሚለቅ በር ተሠራለት። በ1993 በሮቹ ሰባት ሆኑ፤ ጢስ ዓባይ ቁጥር ሁለት የኤሌክትሪክ ማመንጫም ሥራ ጀመረ። ቀጥሎ ደካማ ክረምት መጣ፤ ማመንጫው ግን ውሃ መፈለጉን አላቆመም። በ1995 ሰኔ ላይ ጣና ከዚያ በፊት ተመዝግቦ በማያውቅ መጠን ወረደ። መርከቦች ለወራት ቆሙ። ደንገሉ ደረቀ፤ ገበሬዎችም ውሃው በሸሸበት መሬት ላይ ዘሩ። ድርቁ ብቻውን ወይም በሩ ብቻውን ያንን ያህል ባላወረደው ነበር። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙ ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል፤ እዚያ ያለው ማመንጫ 460 ሜጋ ዋት ነው።

የዓመቱ ጉዟችን ወደዚያው ወደ ጨረጨራ ነበር። የፈቃድ ደብዳቤው ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላው ሲንከራተት ሳምንታት ወሰደ። አውቶቡስ ስላልተገኘ በባጃጅ ሄድን፤ ሒሳቡንም እኔና ሁለት መምህራን ተካፈልነው። አጥሩ ጋ ቆመን ሳስረዳ አንድ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ጣልቃ ገባ። «ቲቸር፣ ይዘጋ! በቃ ይዘጋ!» አለ። ውሃው ሲሸሽ ዓሣ የሚራባበት ዳርቻ እንደሚጠፋ፣ አባቱም ባዶ መረብ ይዞ እንደሚመለስ ተናገረ። ግማሹ ክበብ አጨበጨበ።

ከኋላ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው። ቤተሰቦቿ ጢስ ዓባይ አካባቢ ናቸው፤ እሷ እዚህ ከእህቷ ጋር ተከራይታ ትማራለች። «በሩ ሲዘጋ ፏፏቴው ይደክማል፤ ፏፏቴው ሲደክም እንግዳ ይቀራል፤ እናቴ የምትሸጥለት ታጣለች» አለች። ትንሽ ቆየት ብላ ቀጠለች፦ «መብራት ሲጠፋ ደግሞ እኔ አላጠናም። እኔ ይዘጋ ልበል ይከፈት?»

እኔ መልስ አልነበረኝም፤ የምጠይቃቸው እኔ ነኝ ብዬ ነበር የሄድኩት። የዓሣ አጥማጁ ልጅ «እሺ በቃ፣ በየወሩ እናካፍለው» አለ። ሣሩ ላይ ተቀምጠው ደብተር አወጡ። ክረምት ላይ ምን ያህል ይያዝ፣ ግንቦት ላይ ለመርከብ ምን ይቅር፣ ለፏፏቴው መቼ ይለቀቅ፣ ለበለስ ምን ይድረስ እያሉ ተከራከሩ። እሷ ጸሐፊ ሆነች። አሥራ ሰባት ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ክፍል አላየሁም። ባጃጆቹ ሊወስዱን መጥተው «ትንሽ ቆዩ» ተባሉ፤ የቆዩበትንም አስከፈሉን። ሠንጠረዡ አሁን ቤተ ሙከራው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ስሌቱ ብዙ ይቀረዋል፤ የመስኖውን ድርሻ ገና አላስገቡም፤ የቆጋ መስኖ ብቻውን 7,000 ሄክታር ነው።

ስለ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል። ለእግር ኳስ ቡድናችን ዘንድሮ ማልያ ሁለት ጊዜ ተገዝቷል። አልከፋኝም፤ ልጆቹ ጥሩ ተጫውተዋል። የእኛ ክበብ ግን ከትምህርት ቤቱ ያገኘው አንድ ፓኬት ማርከር ነው። ከውስጡም ሦስቱ ደርቀው ነበር።

የምንፈልገው ብዙ አይደለም። አንድ ትክክለኛ የዝናብ መለኪያ፣ አንድ ጥሩ ቴርሞ ሜትር፣ ለሐይቁ መለኪያ ብረትና ሲሚንቶ፣ በዓመት አንድ ጊዜ ደግሞ አውቶቡስ። ከወላጆች መካከል ብየዳ ቤት ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ ብረቱን ቆርጣችሁ ብትሰጡን ተከላውን እኛ እንሠራለን። የወላጅ፣ ተማሪና መምህራን ኅብረትም በሚቀጥለው ስብሰባው አጀንዳ ያስይዝልን።

የሐይቁ መለኪያ ሰኔ ሳይገባ፣ ውሃው ዝቅ ባለበት ጊዜ መተከል አለበት። ዝናቡ ከጀመረ መሠረቱን ለመቆፈር ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። መርዳት የምትፈልጉ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ታገኙናላችሁ።